ደረጃው ላይ የሚቆረጠው ዜማ

የወንድሜን የሀይሰምን ጊታር አንድ ሳምንት ሰምቶ ያላበደ ሰው ካለ፣ ወይ ጆሮው አይሰማም፣ ወይ ዘመዱ አይደለም። እኔ ጆሮዬም ይሰማል፣ እህቱም ነኝ፤ ስለዚህ ኸላስ፣ አብጃለሁ። የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ ስልክ ሳነሳ፣ የታማሚ ጩኸት ስሰማ ውዬ እመጣለሁ። ደረጃውን ወጥቼ ሳልጨርስ ያቺው ዜማ ትቀበለኛለች። ትጀምራለች፣ ከፍ ትላለች፣ ዞር ዞር ብላ ልታርፍ ስትል ቁርጥ! እንደገና ትጀምራለች፣ ከፍ ትላለች፣ ቁርጥ! ሊያስነጥስ ብሎ እንደቀረበት ሰው እዚያው አፌን ከፍቼ እቀራለሁ።

"ወይ ጨርሳት፣ ወይ ግደላትና እንቅበራት!" ብዬ እጮኻለሁ።

"ተይኝ በአላህ፣ ሰና" ይላል ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

የምንኖረው ሪያድ፣ ሹመይሲ ሰፈር ነው፤ አንድ አሮጌ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ ጎን ባሉ ሁለት ክፍሎች። አባቴ ሙሳ የሕንፃው ሃሪስ ነው። በር ይጠብቃል፣ ደረጃ ያጥባል፣ የተቃጠለ አምፖል ይቀይራል። እኔና ሀይሰም ከመወለዳችን በፊት ከወሎ፣ ከሐይቅ መጥቶ እዚሁ ሪያድ ያረጀ ሰው ነው። እናታችን አዚዛ የታመመች እናቷን ልታስታምም ወደ ሐይቅ ከተመለሰች ወዲህ ቤቱ የሦስታችን ነው። ሦስት ሰውና አንድ ጊታር።

አባዬ አንድ ልማድ አለው። ደረጃ የሚወጣው "ያ አላህ! ያ አላህ!" እያለ ነው። ይሄ እዚህ አገር የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ወግ ነው። ወንድ ሴቶች ወዳሉበት ሲገባ ድምፁን ያሰማል፣ ሴቶቹም ይሸፈናሉ፣ ወይ ገለል ይላሉ። አባዬ ግን አብዝቶታል። አንደኛ ፎቅ ላይ ይላል፣ ሁለተኛው ላይ ይላል፤ አራተኛውን አልፎ ከኛ ከልጆቹ በቀር ነፍስ ወደሌለበት ወደ ጣሪያው ሲታጠፍም ይላል። እንዲያውም እዚያ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ልማድ ሆኖበት ነው ብለን ትተነው ነበር።

ጊታሯ እኛ ዘንድ የመጣችው ሕንፃው ውስጥ የተከራየች አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ቤት ለቅቃ ወደ አገሯ ስትሄድ ነው። ሀይሰም ያኔ ገና ጢም አላበቀለም። አባዬ "የተረፈውን ዕቃ አውጥተህ ጣል" ብሎ ላከው። እሱም ሌላውን ሁሉ ጣለና ጊታሯን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጣሪያ ላይ አወጣት። የዚያን ጊዜ እንደዛሬው ሙዚቃ በየካፌው አልነበረም። ባለ ሕንፃው ከሃሪሱ ክፍል የጊታር ድምፅ ቢሰማ አባዬ ሥራውንም ቤቱንም በአንድ ቀን ያጣ ነበር። ደግሞስ አባዬ ራሱ? ለሱብሒ ሰላት ከመስጊድ ቀርቶ የማያውቅ፣ ስልኩ ላይ ማስታወቂያ እንኳ በዘፈን ሲመጣ "አስተግፊሩላህ" ብሎ የሚዘጋ ሰው ነው። ስለዚህ ሀይሰም ጊታር የተማረው ክሮቹ ሥር ፎጣ ወትፎ፣ ጆሮውን ደረጃው ላይ ተክሎ ነው። "ያ አላህ" ሲሰማ ክሮቹን በመዳፉ ጭጭ ያሰኛቸዋል። ጊታሯ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ትገባለች። አባዬ በሩን ሲከፍት ልጁ ቁጭ ብሎ ካልሲ ያጥፋል። ወላሂ፣ በሪያድ ውስጥ የሀይሰምን ያህል ካልሲ ያጠፈ ወንድ የለም።

ይሄ የልጅነት ጉድ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ሀይሰም የሚሠራበት መጋዘን ሊዘጋ ባይሆን ኖሮ። ሀይሰም ከከተማው ዳር፣ ሱለይ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ጠዋት በሠራተኛ አውቶቡስ ይሄዳል፣ አሮጌ ዘይት እየሸተተ ይመጣል። አሠሪው መጋዘኑን ሊዘጋ መሆኑን ነገራቸው። "ሌላ ከፊል ያገኘ ከፋላውን ያዙር፤ ያላገኘ ኢቃማው ሲያልቅ ኸሩጅ" አላቸው። ከፊል ማለት ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ የሚያወጣልህ አሠሪ ነው፤ ከፋላው ዋስትናው ነው፤ ኸሩጅ ማለት ጠቅልሎ መውጣት ነው። ወዴት ነው የሚወጣው? ሀይሰም ሹመይሲ ተወልዶ ሹመይሲ ያደገ ልጅ ነው። ሐይቅን የሚያውቃት በእናቴ ስልክ ካሜራ ነው። አማርኛው ራሱ ሲናደድ ጥሎት ወደ ዐረብኛ ይሸሻል። እግሩ ረግጦት ወደማያውቅ አገር "አገርህ ግባ" ሊሉት ነው። እኔ ኢቃማው የሚያልቅበትን ቀን በጣቴ እቆጥራለሁ፤ እሱ ቁጭ ብሎ ክር ይነካካል።

ይሄን የሰሞኑን ክር መነካካት ያመጡት ደግሞ ጋሽ ንጋቱ ናቸው። ጋሽ ንጋቱ አዲስ አበባ በሆቴል ባንዶች ሳክስፎን ሲነፉ የኖሩ፣ እዚህም አሮጌው ሰፈር ዲራ አጠገብ ባለች አንዲት ካፌ ሐሙስ ሐሙስ የሚነፉ አዛውንት ናቸው። ሀይሰም ከአባዬ ተደብቆ ከኋላቸው በጊታር ያጅባቸዋል። የካፌው ባለቤት ያሲር የሚባል ወጣት ሳዑዲ ነው። እሱን ያሳበደው ስዊንግ ነው፤ አያቱ ሕፃን ሳሉ አሜሪካኖች ይጨፍሩበት የነበረው የጥንት ጃዝ። ጋሽ ንጋቱ ዕድሜያቸው ገፍቶ ወደ አገር ቤት ጠቅልለው ሊገቡ ሲነሡ ወንድሜን ይዘው ያሲር ዘንድ ሄዱ።

"እኔን ይሄ ልጅ ይተካኛል። ከፋላውን ወደ አንተ አዙርለት" አሉት።

ያሲር አሰበና፣ "ጊታር የትም አለ። እኔ የምወደው የእርስዎን ሳክስፎን ነው። ጊታሩን እንደ ሳክስፎን ካናገረልኝ ከፋላውን አዞራለሁ። ካልቻለ ግን አላህ ሌላ በር ይክፈትለት" አለ። ጋሽ ንጋቱ ከመሳፈራቸው በፊት ባለው የመጨረሻ ሐሙስ ሊሰማው ቀጠሮ ያዘ።

አሁን እስኪ ይታያችሁ። የሰው ልጅ ኢቃማ በአንዲት የዜማ ሐረግ ላይ ተንጠለጠለ!

ጋሽ ንጋቱ አባዬ ታች በር ላይ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በኋላ፣ ጣሪያችን ላይ እየወጡ ያስተምሩት ጀመር። ራሳቸው የሠሩትን ዜማ ነው የመረጡለት። "ስማ አንተ ልጅ" ይሉታል፤ "ሳክስፎን ነፊ ሳንባ አለው። አየር ሲያልቅበት ሳይወድ በግዱ ያርፋል። ጊታር መቺ አየር ስለማያልቅበት እንደ ካድሬ ይለፈልፋል። በአፍህ እየነፋህ ተጫወት። አየሩ እስካለ እጅህ አይቁም፤ አየሩ ሲያልቅ እጅህም ይረፍ።" ደግሞ ይነሡና፣ "ሁሉንም ኖታ አትቀጥቅጥ! አንዱን ምታ፣ ሌሎቹን በግራ ጣትህ እያንሸራተትህ አምጣቸው። ወደ ኖታው ከታች ተንሸራተህ ግባ። ከምቱም ትንሽ ዘግየት በል። ማን እያባረረህ ነው?" ይሉታል።

እውነቱን ለመናገር ጣት አለው፣ አልክድም። መንሸራተቱን ያዘ። መዘግየቱንም ያዘ፤ እንዲያውም እንደ ዐርብ ጠዋት ሰው ዘና ብሎ ይሄድበት ጀመር። የመጨረሻዋ ኖታ ላይ ሲደርስ ግን ያው ነው። "ተኛባት! ትንሽ አንቀጥቅጣት፣ ራሷ እስክትሞት አብረሃት ቆይ!" እያሉ ጋሽ ንጋቱ ይለምኑታል፤ እሱ ቁርጥ። "እሺ" ይላል፣ ቁርጥ። "ገብቶኛል" ይላል፣ ቁርጥ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

"አበስኩ ገበርኩ!" አሉ አንድ ቀን ጋሽ ንጋቱ ባርኔጣቸውን ወርውረው። "ሰናዬ፣ እስኪ አንድ ብርጭቆ ውሃና ስትሮ አምጪልኝ።"

የሚጠጡ መስሎኝ አመጣሁ። ለካስ ሥራ እየሰጡኝ ነው። ስትሮውን ሀይሰም አፍ ውስጥ ከተቱትና ብርጭቆውን እኔን አስያዙኝ። እሱ እየነፋ ይጫወታል፤ ውሃው እስከተንቦጫረቀ ድረስ ሐረጓ መቆም የለባትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥራ እመጣለሁ፣ አባያዬን ሳላወልቅ ለአንድ ሜትር ከሰማንያ ጎረምሳ እንደ ሕፃን ብርጭቆ ይዤ አገጩ ሥር እቆማለሁ። ውሃው እጄ ላይ ይረጫል፣ ፊቴ ላይ ይረጫል። "ያንተን ኢቃማ ብዬ እኔ በሳንባ ምች ልሞት ነው!" እለዋለሁ። ስትሮ አፉ ውስጥ ስላለ አይመልስልኝም፤ ያቺ ብቻ ናት ጥቅሙ።

እዚያው ብርጭቆ ላይ አፍጥጬ ነው ያየሁት። ዜማዋ ከፍ አለች፣ ዞረች፣ ልታርፍ ስትል ቁርጥ! ውሃው ግን እየተንቦጫረቀ ነው። ጊታሯ ጸጥ ብላለች፣ ውሃው ገና ይፈላል። ጋሽ ንጋቱም አዩት።

"አየር አለው እኮ!" አሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። "ትንፋሹ ሳያልቅ እጁ ነው የሚሞተው! አንተ ልጅ፣ ምንድነው የሚያስደነግጥህ?"

ይሄን ብለው ሳይጨርሱ ከደረጃው ሥር ድምፅ መጣ። "ያ አላህ! ያ አላህ!"

ሀይሰም ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ሃያ አራት ዓመት ያለፈው፣ ሱለይ ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው፣ ክሮቹን በመዳፉ ጥርቅም አድርጎ ጊታሯን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወረወረና ካልሲ አነሳ። እንግዳ ፊቱ ቁጭ ብሎ እያየው! ስትሮውን ራሱ ከአፉ ማውጣት ረስቷል።

አባዬ ገባ። ታንከሩን ሊያይ ነው የመጣው። "ወንድሜ ንጋቱ፣ እንዴት ዋልክ?" አለ። ሀይሰምን አየ፣ ካልሲውን አየ፣ እኔን በሁለት እጄ ብርጭቆ ይዤ እንደቆምኩ አየ።

"ምን ሆነሻል?"

"ውሃ ጠማኝ" አልኩ።

"ታዲያ ስትሮው እሱ አፍ ውስጥ ምን ይሠራል?" አለና መልስ ሳይጠብቅ ታንከሩን አንኳኩቶ ወረደ።

ጋሽ ንጋቱ ባርኔጣቸውን አንሥተው አራገፉ። ሳቅም አልመጣላቸውም። "ሰናዬ" አሉኝ፣ "ይሄን ልጅ ከኔ በፊት ሌላ ሰው አስተምሮታል። መቁረጥ ነው ያስተማረው።"

ደሜ ፈላ። እኔ የምለው፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ የተወቀሰው ሀይሰም ነው፤ የአብዬን ወደ እምዬ ሆኖ! ብርጭቆውን አስቀመጥኩና ደረጃውን ወረድኩ። አባዬ በሩ ላይ፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ የላስቲክ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሙስበሓውን፣ መቁጠሪያውን፣ ይቆጥራል።

"አባዬ፣ ካንተ ጋር ነገር አለኝ።"

"ተቀመጪ፣ ልጄ።"

"አልቀመጥም!" አልኩና ሁሉንም ዘከዘክሁት። ጊታሯን፣ ፎጣውን፣ ካፌውን፣ ከፋላውን። ያቺን ኖታ ካልጨረሳት ልጅህ ኸሩጅ ነው፣ የማይጨርሳት ደግሞ ባንተ "ያ አላህ" ደንግጦ ያደገ እጅ ስላለው ነው፣ ታች ሆነህ ሰላም ነው ትላለህ አልኩት። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም።

አባዬ ሙስበሓውን መዳፉ ውስጥ ሰበሰበው። "ጊታሯን አውቃለሁ" አለ።

"ምን?"

"ከአራተኛ ፎቅ በላይ የማን ሴት አለች? እዚያ ጋ ስደርስ ለማን የምጣራ ይመስልሻል?"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

"ካየሁ መከልከል ሊኖርብኝ ነው" አለ። "አባት ነኝ። ከልጅ እጅ ላይ አይቶ ዝም አይባልም፤ ነገ አላህ ፊት ምን እላለሁ? ባለ ሕንፃውም አለ። ልከለክለው ደግሞ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ሌላ ምን አለው ልጁ? እንዳላየው ብዬ እጣራለሁ። ደብቆ ይጠብቀኛል፣ እገባለሁ።"

"ታዲያ አንድ ቀን ይሄን ብትነግረው ምን ነበረበት? ይሄን ሁሉ ዓመት!"

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።"

"ዝንቡ ልጅህ እጅ ላይ ገባ እኮ፣ አባዬ!"

ራሱን ነቀነቀ። ጎረቤታችን የእንጀራ ዱቄት ተሸክማ ስታልፍ ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መታጠፊያው ላይ ቆም ብዬ የማዳምጥበት ጊዜ ነበር፣ አልዋሽሽም። አንዳንዱ ያምራል። እግሬ ሲዝል ልግባ ብዬ እጣራለሁ፤ ዜማዋ እዚያው ላይ ትቆማለች። የአንዷንም መጨረሻ ሰምቼ አላውቅም" አለኝ። ወዲያው "አስተግፊሩላህ" ብሎ ሙስበሓውን ቀጠለ።

ወጥቼ ለሀይሰም ነገርኩት። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ብድግ ብሎ ጣሪያው ላይ ይንጎራደድ ጀመር። "ያውቃል? ያውቃል! ይሄን ሁሉ ዓመት ካልሲ ሲያሳጥፈኝ! ዐርብ ዐርብ የታጠፈ ካልሲ እየፈታሁ ደግሜ ያጠፍኩት እኮ እኔ ነኝ!" አለና ወደ ዐረብኛ ገባ፤ እሱን አልተረጉምላችሁም። ጋሽ ንጋቱ ግድግዳ ተደግፈው እስኪደክማቸው ሳቁ።

ኸላስ ተፈታ አትሉም? አልተፈታም! ፎጣውን ከክሮቹ ሥር አወጣው፣ ድምፁን ለቀቀው፣ ተጫወተ፣ ደረሰ፣ ቁርጥ። እጅ እንደ ጆሮ ወሬ ሰምቶ አይለወጥም ለካ። አንዳንዴ ያሳልፋታል፣ ብዙውን ጊዜ ይቆርጣታል። እስከ ረቡዕ ድረስ ያው ነበር። ብርጭቆውን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ሐሙስ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ካፌው ሄድን። ዲራ አጠገብ የታደሰ የጭቃ ቤት ነው፤ በጠባብ ደረጃ ነው ላይ የሚወጣው። አባዬን "አብረኸን ና" ስለው "እዚያ እኔ ምን አደርጋለሁ?" ብሎኝ በሩ ላይ ቀርቷል። አልጫንኩትም። ላይ ሴቶች ከጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው ያወራሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ። ያሲር ፊት ለፊት እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ጋሽ ንጋቱ ሳክስፎናቸውን ከነሳጥኑ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ "ዛሬ እኔ የለሁም" አሉ።

ሀይሰም ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ያሲር ወደ ስልኩ አየ። ሀይሰም ወደ ኖታው ከታች ተንሸራቶ ሲገባ፣ ስልኩን ገለበጠው። አንዷን መታ፣ ሌሎቹን በጣቱ አመጣቸው፤ ዘገየ፤ ማንም የማያባርረው ሰው ሆነ። ሴቶቹ ወሬያቸውን ቀነሱ። ጉንጩ ይነፋል፣ ከንፈሩ ሾሏል። ዜማዋ ከፍ አለች፣ ዞረች። እኔ ባዶ እጄን አገጬ ሥር ይዤ ተገኘሁ፤ ብርጭቆ የያዝኩ መስሎኝ።

መጨረሻዋ ኖታ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ፣ ከደረጃው ሥር፣ "ያ አላህ! ያ አላህ!"

አላህ ይማረኝና በዚያች ደቂቃ አባቴን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር። አልመጣም ያለው ሰው መጥቶ፣ ላይ የሴቶች ድምፅ ሰማ፣ ልማዱን አደረገ! ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ሀይሰም ቀኝ መዳፉን አነሣ። አየሁት። ክሮቹን ሊከድን እየወረደ ነው። ያ ሁሉ ብርጭቆ፣ ያ ሁሉ ውሃ፣ ኢቃማው፣ ሹመይሲ፣ ሁሉ በዚያ መዳፍ ሥር ሊያልቅ ነው። አይኔን ልጨፍን ስል ጉንጩን አየሁት። ጉንጩ ገና እንደተነፋ ነው። አየር አለው።

መዳፉ ክሮቹ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። የግራ ጣቱ ክሩን ይዞ ያንቀጠቅጠው ነበር። ኖታዋ ቆየች። አባዬ ደረጃውን ሲወጣ የነጠላ ጫማው ድምፅ ከሥሯ ይሰማል፤ እሷ ከላይ ናት። ቀስ ብላ ሳሳች፣ ራሷ ጠፋች። ከዚያ ነው ሀይሰም አየር የሳበው።

ያሲር ከወንበሩ ተነሥቶ፣ "ያላ፣ ኢቃማህን አምጣልኝ፤ እሑድ ከፋላውን እንጀምር" አለው። ጋሽ ንጋቱ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉት።

እኔ ዞር ስል አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። አይኑን መሬት ላይ ጥሏል፣ ሙስበሓው በእጁ እንደተንጠለጠለ ነው። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር።

"እንዲህ ነበር እንዴ የምታልቀው?" አለኝ።